ጭነት ይዞ መግባት ክልክል ነው

ወንድሜን ሹፌሮቹ «መርማሪው» ነው የሚሉት። እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ ሰው ከኔና ከባለቤቴ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ጋራዡ በር ላይ የቆመ ሁሉ «መርማሪው አለ?» ይላል። እኔም «አለ፣ መኪና ሥር ነው» እላለሁ። ሌላ የት ይሄዳል!

ታናሽ እህቱ ነኝ። በሩን ስትገቡ በስተግራ ያለችው ጠባብ የመለዋወጫ ክፍል የኔ ናት። የፍሬን ሸራ፣ ኩሽኔታ፣ ማጣሪያ፣ ብሎን እሸጣለሁ። በሱ የሥራ ቦታና በኔ ሱቅ መሀል ያለው አንድ የላሜራ ግድግዳ ብቻ ስለሆነ፣ እሱ ሲያጉረመርም አንድም ቃል አያመልጠኝም። እኔ ሳጉረመርም ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል።

ሥራውን እንደሱ የሚችል የለም። ይህን የምለው ወንድሜ ስለሆነ አይደለም፤ ወንድምነቱን ካነሳንማ የምለው ሌላ ብዙ ነበረኝ። የሚሠራው በናፍጣ የሚሄዱትን፣ ድንጋይና ዳገት ላይ የሚውሉትን ፒክአፖች ነው። ከሥሯ ኳ ኳ የምትል መኪና ስትመጣ ሌላው መካኒክ ክብደቷን የሚሸከመውን ባሌስትራ ያወርዳል፣ ሾክ አብዞርበሩን ይቀይራል፣ ኳኳታው ግን እዚያው ነው። ወንድሜ በጀርባው ይተኛና ሰው መኪናዋን እንዲያወዛውዛት ያዛል። ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ቆይቶ በብረቶቹ መሀል ያለቀች አንዲት ትንሽ ላስቲክ በጣቱ ነካ ያደርግና «ይቺ ናት» ይላል። ደግሞም እሷው ናት።

በይበልጥ የታወቀው ግን መኪና ከፍ በማድረግ ነው። መንገዱ ሆዷን እየገጨ ያስቸገራት ፒክአፕ ትመጣለች። ከኋላ ባሌስትራው ላይ አንድ ወፍራም ብረት ይደርብላታል፣ ከፊት ጠንካራ ሞላ ያስገባላታል፣ ረጃጅም ሾክ አብዞርበር ይገጥምላታል። በሆዷ ስትሳብ የመጣችው ደረቷን ነፍታ ትወጣለች። ባለቤቱ ዙሪያዋን እየዞረ ሲያያት እኔ በመስኮቴ ሆኜ እስቃለሁ፤ ሙሽራ ያገባ ነው የሚመስለው።

ችግሩ ወንድሜ ሰው አያምንም። ጥላውን የሚጠራጠር ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል፤ እኔ አብሬው አድጌያለሁ።

አንድ ሥራ በጨረሰ ቁጥር፣ ከኔ የወሰደውን ቀይ የጥፍር ቀለም ያወጣና ከብሎኑ እስከ ዳዶው አንዲት ቀጭን መስመር ያሰምራል። ሌላ እጅ ፈትቶ ቢያስረው መስመሩ ይዛነፋል። ያን ጊዜ አለቀልህ። «ማን ነው የነካት?» ብሎ ከጀመረ እናትህን ሳይቀር ያስጠራሃል። ጠባዩን የሚያውቁ ሹፌሮች መንገድ ላይ ሌላ መካኒክ እንኳን ሊያስነኩ፣ ብሎኑን አቧራ ሲነካው ይደነግጣሉ።

እውነቱን ለመናገር እንዲህ የሆነው ከመሬት ተነስቶ አይደለም። ሃያ ሦስት ዓመቱ ሳለ ሰው ጋራዥ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ጎማ አስሮ የሸኛት መኪና መንገድ ላይ ጎማዋ ወልቆ የአንድ እግረኛ እግር ሰበረች። ወንድሜ «አጥብቄያለሁ» ብሎ ማለ፣ ተገዘተ። ማን ሰምቶት! እንደ ሌባ አባረሩት። ሁለት ወር ቆይቶ፣ ሹፌሩ ራሱ መንገድ ላይ ጎሚስታ ጋር ጎማውን አስፈትቶ እንደነበር ታወቀ። ነገሩ ታወቀ እንጂ ወንድሜን ይቅርታ ያለው አልነበረም። ያኔ ቤት መጥቶ ሦስት ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የተኛውን እኔ አልረሳውም።

ሌላው ሕጉ በሩ ላይ በትልቁ ተጽፏል፦ «ጭነት ይዞ መግባት ክልክል ነው»። ይሄም የመጣው አንድ ሰውዬ «ከመኪናዬ ላይ ሁለት ጀሪካን ናፍጣ ተሰረቀ» ብሎ ፖሊስ ከጠራበት ወዲህ ነው። ጀሪካኖቹ እሰውዬው ቤት፣ ደረጃ ሥር ተገኙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባዶ ሳጥን የጫነች መኪና እንኳ በሩን አታልፍም። ሹፌሮቹ ዕቃቸውን ሄደው አራግፈው፣ እየተራገሙ ባዶ መኪና ይዘው ይመለሳሉ። ምን ያድርጉ፣ እንደሱ የሚሠራላቸው የለም።

ባለቤቴም ሹፌር ነው። የስልክ ማማ የሚጠግኑ ሰዎችንና ዕቃቸውን ከተራራ ተራራ ያመላልሳል። ብዙ አይናገርም፤ እኔ የሁለታችንንም ድርሻ ስለምናገር ቤታችን ምንም አልጎደለበትም። የሚነዳትን የድርጅቱን ነጭ ፒክአፕ ወንድሜ ከፍ አደረጋት፤ ባለቤቴም አራት ወር ያህል እንደነዳት መጣና «ጋሼ፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን አልይዝ እያለችኝ ነው» አለው።

ወንድሜ ሥሯ ገባ። ቀያዮቹን መስመሮች አንድ በአንድ አያቸው፤ አንዱም አልተነካም። የፍሬን ዘይት የሚፈስበት ቦታ የለም። የፊት ሸራው ግን ብረቱ እስኪታይ አልቋል። አዲስ ቀየረና ሰፈሩን አንድ ዙር ነዳት። ፍሬኑን ሲይዘው ባለችበት ቀጥ አለች።

«መኪናዋ ምንም የላት» አለው። «አንተ ነህ ፍሬን ላይ እግርህን ጭነህ የምትወርደው። በማርሽ ውረድ።»

«በማርሽ ነው የምወርደው፣ ጋሼ።»

ወንድሜ ትክ ብሎ አየው። እኔ ያቺን አስተያየት አውቃታለሁ፤ ነገር ሲጀምር እንዲያ ነው የሚያየው።

ስድስት ሳምንት ሳይሞላ ሸራው እንደገና አለቀ። በዚህኛው ጊዜ የመጣው እኔ ላይ ነው። ያለቀውን ሸራ ባንኮኒዬ ላይ አስቀመጠና «ይሄን ያመጣሽው ከማን ነው?» አለኝ።

«ከወትሮው ሰውዬ ነዋ!»

«ፎርጅድ ነው።»

«እህትህ ፎርጅድ ትሸጣለች ነው የምትለው?»

«እህቴ አላልኩም፤ ሸራው ነው ያልኩት።»

ደሜ ፈላ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ጣሪያ ሥር ስንሠራ አንድ ቀን አታልዬው አላውቅም። ሄዶ ከሌላ ሱቅ ገዛና፣ እያየሁት፣ ሆን ብሎ በመስኮቴ ፊት አሳልፎ ወሰደው። ለሁለት ቀን ምሳ ይዤለት አልሄድኩም፤ ይራበው ብዬ።

ከሌላ ሱቅ የገዛውም በአምስት ሳምንት አለቀ። እኔ ነጻ ወጣሁ። ከኔ ቀጥሎ የሚጠረጠር አንድ ሰው ብቻ ቀረ።

«ከድርጅቱ ዕቃ ሌላ ምንድን ነው የምትጭነው?» አለው ባለቤቴን።

«ምንም።»

«ተው እንጂ! ስትመለስ ድንጋይ ትጭናለህ? አሸዋ? የሰው ዕቃ?»

«ጋሼ፣ ምንም አልጭንም አልኩዎት።»

በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ወንድሜ የባለቤቴን ድርጅት ኃላፊ ሄዶ አነጋገረው። «መኪናዋ ደህና ናት። ወይ ሹፌሩ ትርፍ ይጭናል፣ ወይ መንዳት አይችልም» አለው። መርማሪው ያለው ነገር ደግሞ በሹፌሮች ዘንድ ፍርድ ቤት እንደወሰነው ነው። በማግስቱ ባለቤቴ ደብዳቤ ይዞ መጣ። ሸራ መጨረሱ አንድ ጊዜ ቢደገም ከሥራ ይሰናበታል። ደብዳቤውን ምግቡ አጠገብ አስቀመጠው። ሁለት ልጆች አሉን፤ የምንኖረው በኪራይ ቤት ነው።

አሁን የምነግራችሁን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ አፍራለሁ። እኔም ጠረጠርኩት። አብሮህ የሚውል ሰው ቀን ከሌት ሲጠራጠር ይጋባብሃል መሰለኝ። ጠዋት እሱ ፊቱን ሲታጠብ መኪናዋ ጋ ሄድኩና ወንበሩን አንስቼ አየሁ። ኋላዋ ላይ ያለውን አቧራ በእጄ ዘግኜ አሸዋ ይሁን አፈር መረመርኩ። ኪሱን ፈተሽኩ። ስመለስ በሩ ላይ ቆሟል።

«አንቺም?» አለኝ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ቀን ሱቄ ውስጥ ተክዤ ተቀምጬ ሳለሁ የሌላ ፒክአፕ ሹፌር መጣና የፊት ሸራ ጠየቀኝ። መደርደሪያውን ባየው ባዶ ነው፤ አልቋል። ከጎኑ ያለው የኋላ ሸራ ግን አቧራ ለብሶ ተደርድሯል። መቼ ነው ከዚህ የሸጥኩት ብዬ ባስብ ትዝ አይለኝም። የፊቱን የገዙኝን ሰዎች በሐሳቤ አሰላሁ። ይሄኛው ሹፌር፣ የአናጢው መኪና፣ የውኃ ጫኙ ሽማግሌ፣ ባለቤቴ። ሁሉም ወንድሜ ከፍ ያደረጋቸው ናቸው።

ሮጬ ሄድኩ። «ጋሼ፣ አንተ ከፍ ያደረግካቸው መኪኖች በሙሉ የፊት ሸራ ይጨርሳሉ። የኋላውን የሚጠይቀኝ ግን የለም። ፍሬን የሚይዙት በፊት እግራቸው ብቻ ነው እንዴ?»

«ይኸውልሽ! ሸራ ሻጯ መካኒክ ሆና አረፈችው።»

«አትቀልድ!»

«ሥራዬን እየጠረጠርሽ ነው?» አለ። ድምፁ ቀዘቀዘ።

«አንተ አገር ምድሩን ስትጠረጥር እኔ አንድ ቀን ብጠረጥር ምን አለበት? ሁልጊዜ ባዶዋን ነው የምታያት። አንዷን እንኳ ጭነት ይዛ አይተሃት ታውቃለህ?»

በእጁ በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አሳየኝና ተመልሶ መኪና ሥር ገባ። መፍቻ ብወረውርበት ደስ ባለኝ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ባለቤቴ ለአንድ ማማ ጀኔሬተር ማድረስ ነበረበት። መንገዱ ላይ አንድ ረጅም ቁልቁለት ይወርዳል። ፍሬን ቢከዳው ገደል ነው፤ ሸራው ካለቀ ደግሞ ስንብት ነው። «ጭነህ በጋራዡ በኩል ና» አልኩት። ሲደርስ ራሴ ሮጬ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩለት። ነጯ ፒክአፕ ጀኔሬተር ተሸክማ ግቢው መሀል ገባች።

ወንድሜ እንደ ተኮሱበት ብድግ አለ። «ማነው የከፈተው?»

«እኔ ነኝ!»

«ባልና ሚስት ተማክራችሁ መጣችሁብኝ?»

«አዎ፣ ተማክረን ነው! ምን ታመጣለህ?»

ብታዩት! በዚያ ሁሉ ንዴቱ ስልኩን አወጣና ጀኔሬተሩን በአራቱም ጎን ፎቶ አነሳው። «ኋላ ክዳኑ ጎደለ እንዳትሉኝ» ይላል። ሳቄ መጣ፤ ግን የሚሳቅበት ሰዓት አልነበረም።

ባለቤቴ ቁልፉን ዘረጋለት። «ጋሼ፣ እስኪ እርስዎ ይንዷት።»

«እነዳታለሁ! ውሸታም መሆንህን እዚሁ አሳያታለሁ።»

ሦስታችንም ከፊት ተቀመጥን፤ እኔ መሀል። ከጋራዡ ጀርባ ወደ ድልድዩ የሚወርድ ቀጥ ያለ ቁልቁለት አለ። ወንድሜ ቁልቁል ለቀቃትና መሀል ላይ ፍሬን ያዘ። አፍንጫዋን ደፋች፤ የፊት ጎማዎቹ ጮኹ። የኋላው ግን ነገሩ የማይመለከተው ይመስል ዝም ብሎ ይገፋናል። ለቀቀና ደግሞ ያዘ። የተቃጠለ ሽታ መጣ። መቆም የነበረብን ቦታ አለፈን። ወንድሜ በሙሉ ክብደቱ ፍሬኑ ላይ ቆመ፣ ማርሽ ቀነሰ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበ። ከድልድዩ ብረት አንድ እርምጃ ሲቀረን ቆመች።

የባለቤቴን እጅ ይዤ ኖሯል፤ ጥፍሬ ሥጋው ውስጥ ገብቷል።

ወንድሜ ወረደ። አስፋልቱ ላይ በጀርባው ተኛና ከኋላ በኩል ሥሯ ገባ። ብዙ ቆየ። ተንበርክኬ ባየው አልተንቀሳቀሰም።

«ይቺን ዘንግ አየሻት?» አለኝ። የኋላ ጎማዎቹን ከሚያገናኘው አክስል ተነስታ፣ የመኪናዋ አጽም የሆነው ሻንሲ ላይ ወዳለች ትንሽ ቫልቭ የምትሄድ ቀጭን ብረት ናት። «ጭነት ሲገባባት መኪናዋ ዝቅ ትላለች። ዝቅ ስትል ይቺ ዘንግ ቫልቩን ትገፋና የኋላ ጎማው ብዙ ፍሬን እንዲደርሰው ታደርጋለች። ባዶ ስትሆን ደግሞ የኋላው እንዳይንሸራተት ትቀንስበታለች። እኔ መኪናዋን ከፍ አደረግኩና ዘንጓን ባለችበት ተውኳት። ይሄን ሁሉ ብረት ተሸክማም ባዶ ነኝ ብላ ነው የምታስበው።»

«ባዶዋንስ ስትነዳት?»

«ባዶዋንማ ይይዛል። ጭነት አስገብቼ አላየሁም።» በጣቱ አንዱን ቀይ መስመር ነካ አደረገ። «መስመሮቼ ሁሉ ደህና ናቸው። የነካት ሰው የለም፣ እህቴ። ከኔ በቀር የነካት የለም።»

ቅስሙ ሲሰበር ሰማሁት። ስንት ቀን እንዲህ እንዲል ስመኝ እንዳልከረምኩ፣ አሁን ሆዴ ባባ።

ዘንጓን ፈታ፣ እሷ የምትገፋውን የቫልቩን ክንድ አራት ጣት ያህል ወደ ላይ ገፋና ለጊዜው በሽቦ አሰረው። ቁልቁለቱን ወጣንና እንደገና ወረድን። ሲይዛት አራቱም ጎማ እኩል ያዘ፤ መኪናዋ ተቀመጠች። ባለቤቴ «አሁን ገና ፍሬን ሆነ» አለ።

ወንድሜ መሪውን እንደጨበጠ ነው። ዞር ብሎ አላየውም። «ይቅር በለኝ» አለው። እኔ ከዚህ አፍ ይህ ቃል ሲወጣ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ባለቤቴ ትከሻውን መታ አደረገና «ተርፈናል እኮ፣ ጋሼ» አለው። ወንድሜ እዚያው ሆኖ ለኃላፊው ደወለ። «ሹፌሩ አንዳች ጥፋት የለበትም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ደብዳቤውን ቅደደው፣ ከፈለግክ ለኔ ጻፍ» አለና ዘጋው።

ከዚያ ወደኔ ዞሮ «ከፍ ያደረግኳቸው ሌሎቹ ስንት ናቸው?» አለኝ።

«ሰባት።»

ወርዶ መንገዱ ዳር ቆመና ይደውል ጀመር። የመጀመሪያው ሹፌር «ጉድ ፈላ! መርማሪው ራሱ ደወለ? ምን ጠፋ?» ብሎ ሳቀበት። ወንድሜ አልሳቀም። «ያለህበት ቁም። ጭነህ ቁልቁለት እንዳትወርድ፣ እኔው እመጣለሁ» አለው። ለሁለተኛውም፣ ለሦስተኛውም እንዲሁ። አንዱ ተቆጣው፣ አንዱ አመሰገነው፣ አናጢው «እኔ ደግሞ ሚስቴ መኪናውን ደብቃ ትነዳለች ብዬ ነበር» አለ። ስድስቱ ተገኙ።

ሰባተኛው የውኃ ጫኙ ሽማግሌ ናቸው። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። እንደገና ደወለ። አይነሳም። ሦስታችንም ተያየን። የእሳቸው መንገድ ከባለቤቴም የባሰ ቁልቁለት ነው፤ ውኃ ደግሞ ምን ያህል እንደሚከብድ እናውቃለን። ወንድሜ ላብ አጠመቀው። በሦስተኛው ላይ ድምፃቸው መጣ፤ ሁላችንም እንድንሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገው።

«መርማሪው! እንዴት ከረምክ ልጄ?»

«አባባ፣ መኪናዋ የት ናት? እየነዱ ነው?»

«ኧረ እኔ ቁልፉን ካስቀመጥኩ ወር አለፈኝ። መኪናዋ ግቢ ቆማለች። ቤት ነው የምውለው።»

«ለምን? ምን ሆኑ?»

«እግሬ ከዳኝ፣ ልጄ። ፍሬን ስረግጥ እንደ ድሮዬ መያዝ አቃተኝ። ቁልቁለቱ ላይ ሁለት ጊዜ ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ሰው ሳልነካ ነድቼ፣ በመጨረሻው የሰው ነፍስ ከማጠፋ ብዬ ተውኩት። አልቅሼ ነው የተውኩት፣ አልዋሽህም።»

«አባባ፣ ታዲያ ለምን ወደኔ አላመጧትም?»

ሽማግሌው ሳቁ። «አንተ የሠራሃትን መኪና? እሷን ምን ብዬ እጠረጥራለሁ? እኔው ነኝ እንጂ ያረጀሁት።»

ወንድሜ ስልኩን ወደኔ ዘረጋና «አንቺ ንገሪያቸው» አለኝ።